12,000 ወይስ 18,000 ቢቲዩ? ለድሬዳዋ ቤት የሚመጥን ኤሲ ሲመረጥ

የድሬዳዋ ሙቀት መበርታት ሲጀምር ከወዳጅ ከዘመድ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ «12 ይበቃኛል ወይስ 18 ልግዛ?» ቁጥሩ በሺህ ቢቲዩ ነው፤ ቢቲዩ የኤሲ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው። የሻጩ መልስ ሁልጊዜ ወደ ትልቁ ያደላል። እኔ ግን ስፋቱ ከ18 ካሬ ሜትር ለማይበልጥና ኮርኒስ ላለው ክፍል 12,000ው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ከሁሉ በፊት ገንዘብ ነው።

ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ፣ ለስሌት ያህል ብቻ 12ቱ 80,000 ብር፣ 18ቱ ደግሞ 105,000 ብር ተባሉ እንበል። ዋጋው ለቢቲዩ ሲካፈል የትንሹ አንድ ሺህ ቢቲዩ 6,667 ብር ገደማ፣ የትልቁ ደግሞ 5,833 ብር ገደማ ስለሚሆን፣ ገዢው 18ቱን በርካሽ ያገኘ ይመስለዋል። ይህ ስሌት ሱቅ ውስጥ ያለውን ካርቶን እንጂ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ዕቃ አይመለከትም። ለ12ቱ አብዛኛውን ጊዜ የሩብ ኢንችና የሦስት ስምንተኛ ኢንች የመዳብ ቱቦ ሲበቃው፣ 18ቱ ወፍራሙን ቱቦ ግማሽ ኢንች ይፈልጋል፤ መዳብ ደግሞ በሜትር የሚሸጥ በመሆኑ አውትዶሩ (ከቤት ውጭ የሚሰቀለው የኤሲው ክፍል) በራቀ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የነበረው የኤሌክትሪክ ሽቦ ወደ 4 ከፍ ይላል፤ ብሬከሩም፣ አውትዶሩ የሚያርፍበት ብረትም፣ ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ስታቢላይዘሩም አብረው ያድጋሉ። ስለዚህ ለገዢው የምመክረው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን «ተገጥሞ፣ ተሞክሮ፣ ከነስታቢላይዘሩ ስንት?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው። ለሐቅ ያህል ግን፣ ትልቁ ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ስለሚያርፍ የወሩ የመብራት ክፍያ በመጠኑ ልክ አይጨምርም፤ በዚህ በኩል በ18ቱ የሚያስፈራሩ ሰዎች ያጋንናሉ።

መጠኑን ለመገመት ባለሙያዎች በሞቃት አካባቢ ለአንድ ካሬ ሜትር 600 ቢቲዩ ይይዛሉ። አራት በአራት የሆነ መኝታ ቤት 9,600፣ አራት በአራት ተኩል የሆነ ሳሎን 10,800 ቢቲዩ ይጠይቃል ማለት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከጅቡቲ አየር ይሳሳል፤ በዚህም የተነሣ ኤሲው ካርቶኑ ላይ ከተጻፈለት ጥቂት ያንሳል። 9,000ውን ከጠባብ መኝታ ቤት ውጪ የማልመክረውም ለዚህ ነው። ከላይ ባዶ ቆርቆሮ ላለበት ቤት ግን ይህ ሁሉ ሒሳብ አይሠራም። ቆርቆሮው ከሰዓት በኋላ የሚለቀውን ግለት 18ቱም በቅጡ አይችለውም፤ ለትልቁ የሚጨመረው ገንዘብ ለኮርኒስና ፀሐይ መጥለቂያ በኩል ላለው መስኮት መጋረጃ ቢውል የበለጠ ይጠቅማል።

ትልቅ ኤሲ ቶሎ ቶሎ እየቆመ ስለሚነሣ እርጥበቱን ሳያደርቅ ይቀራል የሚለው ክርክር ለጋምቤላ ዓይነቱ አካባቢ እውነት ነው፤ አየሯ በአብዛኛው ደረቅ ለሆነው ለድሬዳዋ ግን ያን ያህል አያሳስብም። እዚህ የሚያሳስበው መነሣቱ ራሱ ነው። ኢንቨርተር ያልሆነ፣ ማለትም ፍጥነቱን እንደ አስፈላጊነቱ የማይለዋውጥ ኮምፕረሰር (ጋዙን የሚያምቀው የኤሲው ሞተር) ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ አምፔር ይስባል፤ 12ቱ በሥራ ላይ 5 አምፔር አካባቢ ሲወስድ 18ቱ ወደ 8 ይጠጋል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ መብራትና ቴሌቪዥን ሲከፍት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ያኔ ትልቁ ኮምፕረሰር «እምም» እያለ ሳይነሣ ይቀርና ራሱን ያጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶም እንደገና ይሞክራል። በዚህ መካከል ቀድሞ የሚጎዳው ኮምፕረሰሩ እንዲነሣ የሚያግዘው ካፓሲተር ነው። የአውትዶሩ ክዳን ተፈትቶ ሲታይ፣ የደኅናው ካፓሲተር አናት ዝርግ ሲሆን የተቃጠለው እንደ ነፋ ድፎ ዳቦ ጉብ ብሎ ይገኛል። ካፓሲተር ርካሽ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ላዩ ላይ 50 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) ተጽፎበት ሲለካ ግማሹን የማይሞላ ብዙ ስለሆነ፣ ባለሙያው ከመግጠሙ በፊት ፊት ለፊታችሁ እንዲለካው ጠይቁ።

ስለ አስመሳይ ዕቃ ከተነሣ፣ አንድ ዘመዴ ከአንድ ሱቅ የገዛው ኤሲ ካርቶኑም ተለጣፊውም 18,000 ይል ነበር። ጥርጣሬ ያሳደረው የሚስበው ኃይል 1,150 ዋት ተብሎ መጻፉ ነው። 18,000 ቢቲዩ ማለት ወደ 5,300 ዋት የሚጠጋ የማቀዝቀዝ አቅም ሲሆን፣ ኢንቨርተር የሌለው ተራ ኤሲ በአንድ ዋት ኤሌክትሪክ የሚያቀዘቅዘው ሦስት ዋት ገደማ ነው፤ እዚህ ግን ከአራት ተኩል በላይ ሆኖ ተገኘ። ገጣሚው የተለጣፊውን ጥግ በጥፍሩ ሲያነሣው ከሥሩ ሌላ ተለጣፊ ወጣ፤ 3,500 ዋት፣ ማለትም 12,000 ቢቲዩ። ስለዚህ የማቀዝቀዝ አቅሙን በዋት ለሚስበው ዋት ማካፈል፣ ከተቻለም አውትዶሩን ብድግ አድርጎ ክብደቱን መፈተን ያስፈልጋል፤ ኢንቨርተር ያልሆነ የ18 አውትዶር አብዛኛውን ጊዜ ከ35 ኪሎ ግራም አያንስም። ቱቦውንም በምላጭ ጫፍ ቧጨር ቢያደርጉት፣ መዳብ ከሆነ ውስጡም ቀይ ነው፤ ነጭ ብረት ብቅ ካለ ግን ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ከመዳቡ ጋር የተገናኘበት ቦታ እየተበላ ጋዝ ያስተነፍሳል።

ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመጡ ኤሲዎችም ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻሉ። የዚያ አገር የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ 60 ኸርዝ ሲሆን የእኛ 50 ነው፤ ስለዚህ ለ60 ብቻ የተሠራ ተራ ኮምፕረሰር እዚህ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይግላል። በ18 ዋጋ የተገዛው ዕቃ የ15 ሥራ ይሠራል ማለት ነው። የዱባዩ 50 በመሆኑ በዚህ በኩል ችግር የለበትም፤ ሁለቱ ዕቃዎች ግን ገበያው ላይ ጎን ለጎን ተደርድረው «የዓረብ አገር» ተብለው ይሸጣሉ።

ኢንቨርተሩ በለስላሳ ስለሚነሣና ስለሚቆጥብ ቀኑን ሙሉ ለሚያበራ ሰው ያዋጣል። ሆኖም የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ በቮልቴጅ መዋዠቅ ሲቃጠል መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም፤ ሲገኝም ካፓሲተር ከሚቀየርበት ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚከፍት ቤተሰብ ተራውን 12 ከደኅና ስታቢላይዘር ጋር እመርጥለታለሁ።

18ቱ የሚገባው ከ18 እስከ 25 ካሬ ሜትር ለሆነ፣ በተለይም ከማብሰያው ጋር ለተያያዘ ወይም እንግዳ ለሚበዛበት ሳሎን ነው። ከዚያ የሰፋ ሳሎን ያለው ሰው አንድ 24,000 ከሚሰቅል ሁለት 12 በሁለት ጥግ ቢያደርግ ይሻለዋል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል፤ ሰው በማይበዛበት ቀንም አንዱን ብቻ መክፈት ይቻላል። የትኛውም ቢመረጥ፣ ሲንግል ፌዝ ቆጣሪ ባለበት ቤት የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚወስድ፣ ኤሲውን ማስነሣት ምጣዱ ከመጣዱ በፊት ወይም እንጀራው ተጋግሮ ካለቀ በኋላ መሆን ይኖርበታል።