የበረዶ መራመጃ ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ከፍሬሙ በፊት ማሰሪያውን እዩ

189 ዶላር ከፍዬ የገዛሁት የበረዶ መራመጃ ጫካ ውስጥ ያገለገለኝ 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። መራመጃው ራሱ ዛሬም ደህና ነው፤ የአሉሚኒየም ፍሬሙ አልተጣመመም፣ እግር የሚያርፍበት ወለሉም አልተቀደደም። የተሰበረው ቦት ጫማዬን ከመራመጃው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ነው። ማሰሪያው የተሰበረ መራመጃ ደግሞ በጫንቃ የሚሸከሙት ዕቃ ከመሆን አያልፍም። እዚህ ሚኒሶታ የምትኖሩ፣ በሌላም በረዶ በሚጸናበት አገር ያላችሁ፣ አደን የጀመራችሁ ወይም ዘንድሮ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ሁሉ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ።

የበረዶ መራመጃ ስል ተራውን የክረምት ቦት ጫማ ማለቴ አይደለም። ከጫማው ሥር የሚታሰር፣ የሰውን ክብደት በሰፊው አሳርፎ እግር በለስላሳ በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። በሰሜን ሚኒሶታ በረዶው ጉልበት ሲደርስ ያለ እሱ አንድ ማይል መሄድ ጉልበትን ይጨርሳል፣ ሰውነትንም በላብ ያጠምቃል። በዚያ ብርድ ላብ ማለት ከውስጥ ልብስ ጋር የሚቀዘቅዝ ውኃ ነው።

የገዛሁት በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ለአዳኞችና ለክረምት ስፖርት ወዳጆች በተዘጋጀ የአዳራሽ ባዛር ላይ ነበር። ሻጩ ለሁለት ቀን ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሄድ ነጋዴ ነው። መራመጃውን፣ ሁለት ዱላና መያዣ ቦርሳ አንድ ላይ አድርጎ «የአዳኝ ጥቅል» ይለዋል። ካርቶኑ ላይ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ እንደሚያገለግል በትልቁ ተጽፏል። ሻጩ ደግሞ የዕድሜ ልክ ዋስትና እንዳለው ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነገረኝ። ዋጋው 209 ዶላር ነበር፤ በጥሬ ገንዘብ ከከፈልህ 20 ዶላር እቀንስልሃለሁ አለኝ፣ ከፈልሁ። እዚያው አዳራሽ ውስጥ አስሬ ሞከርሁት። ጠፍሩ በጣቴ መካከል እንደ ለፋ ቆዳ ይተጣጠፍ ነበር። ጥርስ ያለው መቆለፊያውም ተስቦ ሲጠብቅ ደስ የሚል ድምፅ ይሰጣል። ሞቆ በሚውል አዳራሽ ውስጥ የማይተጣጠፍ ፕላስቲክ እንደሌለ ያን ጊዜ አላሰብሁም።

በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ በአፈሙዙ የሚጎረስ ጠመንጃ የሚፈቀድበት የአጋዘን ወቅት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከዱሉዝ ከተማ ወደ ሰሜን ወጣን። አብረውኝ የነበሩት በዚህ አገር ብዙ ዓመት ያደኑ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። የነቢያት ጾም ስለነበር ብናገኝም ሥጋው ለገና ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆይ ነው። ጠዋት ከመኪናው ስንወርድ ከዜሮ በታች 19 ፋራናይት ነበር፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 28 ማለት ነው። ለዚያ አገር ይህ የሚወራለት ብርድ አይደለም። ከእኛ ብዙም በማትርቀው ታወር በተባለች ከተማ አካባቢ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ከዜሮ በታች 60 ፋራናይት ተመዝግቧል።

አንድ ማይል ተኩል ያህል ገብተን የወደቀ ግንድ ስሻገር ቀኝ እግሬ ሥር ቀጭን የመስበር ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የመሰለኝ ቅርንጫፍ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ የፊተኛው ጠፍር እንደ ደረቅ ፓስታ ለሁለት ተሰብሯል፤ መሰበር እንጂ መበጠስ አልነበረም። ተረከዜን የያዘውን ላጠብቅ ብሞክር የመቆለፊያው ምላስ በእጄ ላይ ቀረ። ለማስተካከል ጓንቴን ያወለቅሁበት ጊዜ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ጣቶቼ ግን ምንም ነገር መያዝ አቃታቸው።

ያዳነኝ የጋሼ ኪስ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ክንድ ያህል ገመድ ይይዛሉ። በልጅነታቸው አህያ ሲጭኑ በለመዱት አስተሳሰር የጫማዬን ጫፍ ከመራመጃው ጋር ጠፈሩት፣ በተረከዜ አዙረው አምጥተው ቁርጭምጭሚቴ ፊት ለፊት ቋጠሩት። በየመቶ እርምጃው እየላላ፣ እየቆምን እያጠበቅን መኪናው ጋር ለመድረስ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ሁለት የእግር ጣቶቼ ነጭ ሆነው ነበር። ተመስገን፣ ተመለሱልኝ። ብቻዬን ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን ሳስበው አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል። የምጽፈው ስለ 189 ዶላሩ ብቻ እንዳልሆነ የምትረዱልኝ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር አጥንቼዋለሁ። ዋናው ጉዳይ ጠፍሩ ከምን እንደተሠራ ነው። ርካሽ ማሰሪያ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል። ፒቪሲ በባሕርይው ደረቅ ነው፤ የሚለሰልሰው በሚጨመርበት ማለስለሻ ነው፣ ብርዱ ሲጠና ያ ልስላሴ ይጠፋና እንደ ብስኩት ይሆናል። ፖሊዩረቴን የተባለው ሌላ ፕላስቲክ ሲያዩት ከፒቪሲ ብዙም አይለይም፣ ነገር ግን በጣም ዝቅ ባለ ሙቀትም መለመጡን አይተውም። ደህና አምራቾች ለጠፍር የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ተፈጥሯዊ ጎማም ብርድ ይችላል። የአገራችንን በረባሶ አስታውሱ፤ ጠፍሩ ከመኪና ጎማ ስለሆነ እግር ያልቃል እንጂ እሱ አያልቅም። የሰሜን ሰዎችም ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠው የመራመጃ ማሰሪያ ሲሠሩ ኖረዋል። ጋሼ የሚያስሩት ይህንን ነው፤ እኔ ከአዳራሹ በገዛሁት አዲስ ዕቃ እየኮራሁ የእሳቸውን በልቤ ንቄው ነበር።

ከናይለን ክር የተሸመነ ጠፍር ጠንካራ ነው፣ ግን ውኃ ይጠጣል። በረዶ በላዩ ቀልጦ መልሶ ሲቀዘቅዝ ዘለበቱ ውስጥ እንደ ሽቦ ይደርቃል፣ መፍታትም ማጥበቅም አይቻልም። ቆዳም እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይገተራል፤ በየጊዜው በሰም ወይም በቅባት ካላሹት አያስተማምንም። ክሪ የሚባሉት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ አዳኞችና አራዊትን በወጥመድ የሚይዙ የድሮ አጥማጆች የሰፊ ፋኖስ ክር የሚመስል የጥጥ ጠፍር ነበር የሚጠቀሙት፤ ደረቅ ብርድ ላይ ለስላሳ ነው፣ እግርን በመጠምዘዝ ብቻ ያለ እጅ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በቀጭን በረዶ ላይ ወንዝ የሚሻገር ሰው ለምን እንደዚያ እንደፈለገው ግልጽ ነው። በረዶው ቢከዳው እግሩን ወዲያው ማላቀቅ አለበት።

ሁለተኛው ነገር ልክ ነው። በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ማሰሪያ የተሠራው ለእግረኛ ተጓዥ ቀጭን ጫማ ነው። በብርድ የሚያድን ሰው የሚጫማው ደግሞ ውስጡ ወፍራም የሱፍ ሽፋን ያለው፣ ጫፉ ሰፊ ቦት ጫማ ነው። ስለዚህ ስትገዙ የአደን ጫማችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በስኒከር አትለኩ። ጠፍሩ በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ የሚደርስ ከሆነ ተዉት። ለመድረስ ብላችሁ የእግራችሁን ጀርባ ጨምቃችሁ ካሰራችሁት ደም ወደ ጣት መሄዱ ይቀንሳል፣ ጣት በብርድ መጎዳት የሚጀምረውም ከዚያ ነው። በመራመጃው ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክም የራሳችሁን ኪሎ ብቻ ይዛችሁ አታነጻጽሩ፤ ልብሱ፣ ጠመንጃውና በጀርባ ያለው ሁሉ ይቆጠራል።

ማሰሪያው በብረት ዘንግ ላይ እንደ ልብ የሚሽከረከር ወይም በላስቲክ የተያዘ ይሆናል። የሚሽከረከረው ዳገት ለመውጣት ይመቻል፣ የፊት የብረት ጥርሱ በረዶውን ይነክሳል፤ ወደ ኋላ መመለስ ግን ጭንቅ ነው። በላስቲክ የተያዘው ጭራውን ከእግር ጋር ስለሚያነሳ ግንድ ለመሻገር ይቀላል፣ በረዶ ግን ወደ ጀርባችሁ ይረጫል። ለአዳኝ የምመክረው ድምፁን እንዲያዳምጥ ነው። የላላ ዘንግና ጠንካራ የፕላስቲክ ወለል በእያንዳንዱ እርምጃ ይንኳኳል፣ አጋዘን ደግሞ ከሩቅ ይሰማል።

አሁን ወደ ዋስትናው። ወደ ሻጩ ስደውል የነገረኝ ዋስትናው የዕድሜ ልክ መሆኑን አልካደም፤ ግን ለፍሬሙ ብቻ ነው አለኝ። ማሰሪያው «የሚያልቅ ዕቃ» ተብሎ በወረቀቱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ተለይቶ ወጥቷል። እንግዲያውስ ጠፍሩን ለብቻው ሽጥልኝ ብለው አይሸጥም አለኝ። ማሰሪያው ወለሉ ላይ በሪቬት፣ ማለትም በማይፈታ የብረት ምስማር፣ ስለተመታ መቀየር የሚቻለው ሙሉውን በመግዛት ብቻ ነው። ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ገልብጣችሁ እዩት፤ ጠፍሩ በዘለበት ወይም በብሎን የሚፈታና መለዋወጫው ለብቻው የሚሸጥ ካልሆነ አትግዙት።

አንድ ሌላም ዘግይቼ ያወቅሁት ነገር አለ፣ ይህን ያጣሁት በራሴ አለማወቅ ስለሆነ ይቆጨኛል። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ሻጩ ቋሚ ሱቁ ባልሆነ ጊዜያዊ ቦታ፣ ለምሳሌ በባዛር አዳራሽ ወይም በሆቴል ክፍል፣ 130 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ዕቃ ከሸጠላችሁ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ምክንያት ውሉን መሰረዝ ትችላላችሁ። እሑድና የፌዴራል በዓላት አይቆጠሩም፣ ቅዳሜ ይቆጠራል። ቅዳሜ የገዛ ሰው፣ በመካከል በዓል ከሌለ፣ እስከ ረቡዕ እኩለ ሌሊት ጊዜ አለው። ሻጩ የመሰረዣ ቅጽ ከነቅጂው ሊሰጣችሁ ይገባል። ለእኔ አልሰጠኝም፣ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም። እነዚያ ሦስት ቀናት ማሰሪያውን ለመፈተን ይበቁኝ ነበር። በክሬዲት ካርድ ብከፍል ኖሮም በአቅራቢያዬ ለተገዛና ከ50 ዶላር ለበለጠ ዕቃ፣ ከሻጩ ጋር ለመስማማት ሞክሬ ካልተሳካ፣ ገና ያልተከፈለውን ዕዳ ይዤ መከራከር እችል ነበር። 20 ዶላር አተርፋለሁ ብዬ በጥሬ ገንዘብ ስከፍል ይህንንም አብሬ ሸጥሁት።

ፈተናው ቀላል ነው። ዕቃውን በገዛችሁበት ቀን ማታ፣ ብርዱ ከጠና፣ በረንዳ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ወፍራሙን ጓንት እንዳጠለቃችሁ እዚያው ውጭ ጠፍሩን እጠፉት፣ አስሩት፣ ፍቱት። በጓንት የማይፈታ ከሆነ ጫካ ውስጥም አይፈታም። የቤት ማቀዝቀዣ የሚያበርደው እስከ ዜሮ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 18 ሴልሺየስ ያህል ነው። እዚያ ውስጥ የደረቀ ጠፍር ሳትጠራጠሩ መልሱት፤ ያልደረቀው ግን ገና ሙሉ ፈተናውን አላለፈም።

እኔ አሁን ሪቬቶቹን በመሰርሰሪያ አውጥቼ በጋሼ እርዳታ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ማሰሪያ ገጥሜበታለሁ። ከጥር ወዲህ አራት ጊዜ ወጥቼበታለሁ፣ አንዱ ቀን ከዜሮ በታች 25 ፋራናይት ነበር፤ አልደረቀም። በኪሴ ደግሞ ገመድና አንድ ትርፍ ጠፍር አለ። የፕላስቲክ ማሰሪያ ክር አልይዝም፤ እሱም በብርድ ይሰበራል።

ያ ባዛር በመጪው ኅዳር ይመለሳል፣ ሻጩም የሚመጣ ይመስለኛል። ከእናንተ መካከል ለመግዛት የሚሄድ ካለ አስቀድሞ ይጻፍልኝ። የተሰበረውን ጠፍር ከነመቆለፊያው አስቀምጬዋለሁ፣ አምጥቼ በእጁ እንዲያየው አደርጋለሁ።