የሲና ጉዞ፦ ተራራው ላይ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ሳይሆን ለቁጥቋጦው ብላችሁ ሂዱ

ባለፈው የነቢያት ጾም ከእማዬ ጋር የግብፅን ገዳማት የሚያሳይ ፓኬጅ ገዝተን ሄደን ነበር። የኤጀንሲውን ስም አልጠራም፣ ሌሎች ጋርም ጠይቄ ፕሮግራሙ ያው ነው። መጻፍ የፈለግኩት ሙሴ የሚነደውን ቁጥቋጦ ስላየበት ስለ ሲናው ብቻ ነው፣ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቧት።

ከካይሮ በጠዋት ተነስተን ከስዊዝ ቦይ ሥር በሚያልፈው ዋሻ አድርገን ሲና ገባን፣ ከዛ በኋላ ኬላው ብዙ ነው፣ ፓስፖርት በየቦታው ስለሚጠየቅ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት። መኪናው ንጹሕ፣ ሹፌሩም ጨዋ ሰው። ጿሚ መሆናችንን አስቀድመን ተናግረን ለምሳ የቀረበልን ዶሮ ነው፣ ኋላ ፉልና ታሚያ (ከባቄላ የሚሠራ ጥብስ) ተፈልጎ መጣ። ተራራው ሥር ያለችው ከተማ ስንደርስ መሽቶ ነበር፣ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይገባል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ፓኬጁ የሚሸጠው በፀሐይ መውጫው ነው፣ ፎቶው ሁሉ የተራራው ጫፍ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ቀስቅሰው በቤዱዊን (የበረሃው ዘላን) መሪ ጀበል ሙሳን፣ የሙሴን ተራራ፣ ያስወጡሃል፣ 2285 ሜትር ነው፣ አብዛኛውን መንገድ በግመል መሄድ ይቻላል ግን መጨረሻ ላይ ያሉትን 750 የድንጋይ ደረጃዎች በእግር ነው። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ እኔ ባልይዝ ኖሮ እንጃ። ፀሐይዋ ስትወጣ ያምራል፣ አልዋሽም፣ ተራሮቹ ቀይ ይሆናሉ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ከዛ ጉልበትህ እየተንቀጠቀጠ ትወርዳለህ፣ ቅድስት ካትሪን ገዳም ደግሞ ለጎብኚ የሚከፈተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ እንቅልፍ ባጣ ዓይን ተጋፍተህ ትገባለህ፣ እኛ ቁጥቋጦው ጋ የተሰጠን 15 ደቂቃ ነው። 15 ደቂቃ! ሙሴ እሳቱን ያየበት ቦታ እኮ ነው!

ገዳሙን በ6ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው የሮሙ (የቢዛንታይኑ) ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ነው፣ ግንቡ እንደ ምሽግ ወፍራም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከመቅደሱ በላይ በጥቃቅን ባለቀለም ጠጠር የተሠራ የደብረ ታቦር ሥዕል አለ፣ ጌታ መሃል፣ ሙሴና ኤልያስ ግራና ቀኝ፣ ከሱ በላይ ደግሞ ሙሴ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት ጫማውን ሲፈታ። አስጎብኚው ስለ ዕድሜውና ስለ ጠጠሩ ነገረን፣ ሁለቱ ነቢያት ለምን እዚህ ተራራ ሥር እንደተሣሉ ግን አልነገረንም፣ ሁለቱም እግዚአብሔርን ያገኙት እዚሁ ኮሬብ ላይ ነው እኮ።

ቁጥቋጦው ውጭ ነው፣ ከድንጋይ ግንብ ላይ ተንዠርግጎ የወረደ እሾሃም አረንጓዴ ነገር። መነኮሳቱ እንደሚሉት ሥሩ የነበረው ከመቅደሱ ጀርባ ያለው ትንሽ ቤተ ጸሎት ውስጥ፣ መንበሩ ሥር ነው፣ እዛ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል፣ እኛ በሄድንበት ቀን ግን ዝግ ነበር። ሰው ሰልፊ እየተነሳ ነው፣ አንዳንዱ ቅጠል ሊበጥስ እጁን ይዘረጋል (እባካችሁ ይሄን አታድርጉ)። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። አስጎብኚው ሮጦ መጣና እዚህ አያስፈልግም፣ የሚወለቀው ውስጥ ነው አላት። እሷ ምን አለችው፣ «ልጄ፣ ጫማህን አውልቅ የተባለው እኮ እዚህ ነው፣ እኛ አገራችን ቤተ ክርስቲያን ስንገባ የምናወልቀው ይሄን ብለን ነው።» በዛ ብርድ ድንጋዩ ላይ በባዶ እግሯ ቆመች፣ ቀኑ ማክሰኞ ቢሆንም ሙሴ ያየውን ቁጥቋጦ የሚያነሳውን የሐሙሱን ውዳሴ ማርያም ደገመች፣ ከግሩፑ ስድስት ሰባት ሰው ጫማውን አውልቆ አጠገቧ ቆመ። እኔ አለቀስኩ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሲባል የምሰማው ነው፣ እሳቱ መለኮት፣ ሐመልማሉ እመቤታችን፣ ነደደ ግን አልተቃጠለም። እዛ ቆሜ እሾሁን ሳየው ግን ሌላ ነገር ገባኝ። በመጽሐፍ ቅዱስ እሳት ከእግዚአብሔር ፊት ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይበላል፣ ዘሌዋውያን 9 ላይ መሥዋዕቱን በላው፣ ቀጥሎ ምዕራፍ 10 ላይ ሌላ እሳት ያመጡትን ናዳብንና አብዩድን በላቸው፣ ዕብራውያን ላይም አምላካችን የሚያጠፋ እሳት ነው ይላል። ያው እሳት ነው እንግዲህ በግ ጠባቂ በሚያልፍበት በረሃ ለምንም የማይረባ እሾህ ላይ አርፎ አንዲት ቅጠል ያልነካው። በበዓለ ሃምሳም እንደዛው ነው፣ የእሳት ልሳኖች ሰው ላይ ተቀመጡ፣ ማንም አልተቃጠለም። ይሄን ለማሰብ 15 ደቂቃ አይበቃም፣ በፍጹም አይበቃም።

ተራራው ላይም አንድ ያለፉን ነገር አለ። ከ750ው ደረጃ በፊት የኤልያስ የሚባል ሜዳ አለ፣ መሪያችን ሻይ ጠጡ ብሎ አለፈው። ኤልያስ እኮ ቀርሜሎስ ላይ እሳት ከሰማይ አስወርዶ፣ እሳቱ መሥዋዕቱንም ድንጋዩንም በልቶ፣ በጉድጓዱ ያለውን ውኃ ልሶ፣ እሱ ግን ኤልዛቤልን ፈርቶ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ የመጣው ወደዚህ ተራራ ነው። እዚህ ነፋስ መጣ፣ መናወጥ መጣ፣ እሳት መጣ፣ እግዚአብሔር ግን በእሳቱ ውስጥ አልነበረም፣ ከእሳቱ በኋላ በመጣው ትንሽ ድምፅ ነው ፊቱን በመጎናጸፊያው የሸፈነው። ሙሴ በእሳት ያገኘውን እሱ በዝምታ አገኘው፣ በአንድ ተራራ! ይሄን ቆም ብሎ የሚያነብልን አንድ ካህን ወይም መምህር ግሩፑ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ጉዞው ሌላ ይሆን ነበር፣ ኤጀንሲዎች የመንፈሳዊ ጉዞ ብላችሁ እስከሸጣችሁት ድረስ መምህር ጨምሩበት።

ከ5 3 ሰጥቻለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለምግቡ፣ አንዱን ለሰዓቱ ነው። ስትመዘገቡ ገዳሙ የምትደርሱበትን ቀን ጠይቁ፣ እሑድና በበዓላቸው ለጎብኚ ዝግ ነው፣ ዓርብም ሊዘጋ ይችላል። ቁጥቋጦው ጋ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩም በጽሑፍ አስይዙ። እናት ወይ አባት ይዛችሁ ከሆነ ተራራውን ተዉትና ሌሊቱን አሳርፏቸው፣ እማዬ አልወጣችም፣ ከሁላችንም በላይ ያየችው ግን እሷ ናት። ገዳሙ የእንግዳ ማረፊያ አለው፣ እኔ ከእህቴ ጋር ስመለስ እዛው አንድ ሌሊት አድሬ ጠዋት ገና በሩ ሲከፈት ነው የምገባው።