የአሮጌ ቤት የኤሌክትሪክ መስመር፦ ሙሉ ቅየራ ወይስ ከፊል ማሻሻያ?

በወጪ ረገድ ከፊል ማሻሻያ ይቀላል፤ ለምድጃና ለውሃ ማሞቂያ ብቻ የየራሳቸው ወፍራም መስመር ከብሬከር ሳጥኑ (ጭነት ሲበዛ ኤሌክትሪክ የሚያቋርጡት ብሬከሮች ካሉበት ሳጥን) ይሳባል፣ ነዋሪውም ቤቱን አይለቅም። ሙሉ ቅየራ ግን ግድግዳ መቦርቦርን፣ ልስንንና ቀለምን ያስከትላል።

በአደጋ ረገድ ሚዛኑ ይገለበጣል። በከፊል ማሻሻያ ግድግዳ ውስጥ የሚቀረው አሮጌ ሽቦ የጎማ ሽፋኑ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ወይም የመሬት መስመር (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ መከላከያ ቢገጠም እንኳ ሰውን ከንዝረት አደጋ ይጠብቃል እንጂ ሽፋኑን አያድስም። ቀጭኑን ሽቦ ትቶ ብሬከሩን ብቻ በትልቅ መተካት ደግሞ ማሻሻያ ሊባል አይገባውም፤ ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲግል የሚያቋርጠው አይኖርምና።

ሽቦው ተመርምሮ ጤናማ ለሆነና የመሬት መስመር ላለው ቤት ከፊሉ ይበቃል፤ ሽፋኑ ለተጎዳበት፣ ወይም ግድግዳው ለእድሳት መነካቱ ለማይቀር ቤት ሙሉ ቅየራው ይመረጣል።