የዓባይ መውጫ የጀልባ ጉዞ፦ ጉማሬው አለ፣ ካርታው ጎድሏል

ከባሕር ዳር ተነስቶ ዓባይ ከጣና እስከሚለይበት አፍ ድረስ የሚወስደው የሞተር ጀልባ ጉዞ ለገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም። ጉማሬ ብቻ አይቶ የሚመለስ ግን ዋናውን ነገር ሳያይ ይቀራል።

መነሻው ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ትንንሽ ጀልባዎችን ያንገላታል። ዋጋው በሰው ይሁን በጀልባ ሳይሳፈሩ መነጋገር፣ የላይፍ ጃኬቱንም ማሰሪያ ስቦ መፈተሽ ያስፈልጋል። ደንገሉ ውስጥ ሰንጥቆ ለመግባት የሚቸኩል ነጂ ካለ ይከልከል፤ ደንገሉ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን ያጠፋዋል፣ ጉማሬውም የሚያደፍጠው እዚያው ነው።

ጉድለቱ ገለጻው ላይ ነው። «የዓባይ ውሃ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው» ይባላል። ስህተት ነው። ሱዳን ድንበር ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ የጣና ድርሻ ከአንድ አሥረኛ በታች ነው፤ አብዛኛውን የሚያመጡት ከታች የሚገቡት እነ በሽሎ፣ ጀማ፣ ጉደር፣ ደዴሳና ዳቡስ ናቸው። የጣና ጉልበት ማጠራቀሙ ላይ ነው፦ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የተንጣለለ ሐይቅ፣ በተፈጥሮው በአንድ አፍ ብቻ የሚፈስ። አፉን የያዘ የክረምቱን ውሃ ለበጋ ማቆየት ይችላል። በግብፅና በሱዳን ጥጥ የነበራት እንግሊዝ ዓይኗን የጣለችበት ለዚህ ነው፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ምኒልክ ጋር የተፈረመው ውል ጣናን በስሙ ጠርቶ፣ ያለ እንግሊዝና ሱዳን መንግሥታት ስምምነት ፍሰቱን የሚገታ ሥራ እንዳይሠራ ይላል።

ስለዚህ ከጀልባው ወርዶ በመኪና ጨረጨራ፣ የዓባይ መውጫ ላይ ወዳለው የውሃ መቆጣጠሪያ፣ መሄድ ግድ ነው (ፎቶ ከማንሳት በፊት ጥበቃውን ያስፈቅዱ)። በ1996 እ.ኤ.አ. ሁለት በሮች፣ በ2001 አምስት ተጨምረው፣ ዛሬ የሐይቁን ከፍታ የሚቆጣጠሩት ሰባቱ ናቸው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ብዙው ውሃ በምዕራቡ ዳርቻ፣ በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተስቦ 460 ሜጋ ዋት ያለውን የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ያዞራል። ጢስ ዓባይ በበጋ የሚሳሳው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፏፏቴውን ማየት የሚፈልግ ነሐሴና መስከረምን ይምረጥ። ሱዳን ግን በዚህ ውሃዋን አላጣችም፦ ውሃው የሚገባበት የበለስ ወንዝ ዞሮ ከሕዳሴ ግድብ በላይ ዓባይን ይቀላቀላል።

ይህን ሁሉ ለማስረዳት ጀልባው ላይ አንድ በላስቲክ የተለበጠ የተፋሰሱ ካርታ ይበቃ ነበር። እስኪኖር ድረስ፣ ተማሪ ይዞ የሚሄድ መምህር የራሱን ይያዝ።