«ጤነኛው እጅ የትኛው ነው?» ብሎ ለሚጠይቀው በያጅ፦ እጅህ ይባረክ!

ስትሮክ አሞአቸው ከሆስፒታል ወደ ቤት የተመለሱ ሰዎችን ባሕር ዳር ውስጥ ቤት ለቤት የምንከታተል ፊዚዮቴራፒስቶች ነን። የሽንት ቤትና የደረጃ መደገፊያ ብረት ለሚያስፈልገው ሁሉ ግሽ ዓባይ አካባቢ ያለውን ይህን በያጅ እንጠቁማለን።

ድሪሉን ሳያነሳ ጤነኛውን እጅ ይጠይቃል። ቀኝ ጎኑ ለደከመ ሰው በቀኝ በኩል ያለ ብረት ምን ይፈይድለታል? ሲገቡ በግራ የነበረ ግድግዳ ሲወጡ በቀኝ ስለሚሆን፣ ኮሪደርና ደረጃ ላይ ግራና ቀኝ ይገጥማል። ከፍታውንም የሚለካው ሰውየውን ጫማ አስደርጎ፣ አቁሞ ነው።

ክብ ቱቦላሬው ከ3.2 እስከ 3.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ ከወፈረ ጣት አይጨብጠውም። ከግድግዳው የሚርቀው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ፣ ሰው ሲንሸራተት ክንዱ ይሾልክና ይሰበራል። ዋናው ጣጣ ግን ብሎኬት ነው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ በፊሸር ብቻ የታሰረ ብረት ክብደት ሲያርፍበት ተነቅሎ ይመጣል። እሱ ግድግዳውን አሳልፎ ይበሳና ከጀርባ ላሜራ ደግፎ በቡሎን ያጠብቀዋል። ለጭቃ ቤት ደግሞ ወለሉ ላይ በአርማታ የሚተከል ቋሚ አለው። ሲጨርስ ራሱ ይንጠለጠልበታል (ልጆች መሳቃቸው አይቀርም)።

አንዴ የወደቀ፣ ወይም ሳይወድቅ የፈራ ሰው መነሳት ይተዋል፤ ለሽንት ላለመነሳት ውኃ መጠጣት ሁሉ ይቀንሳል። ቤተሰቡም በፍቅር «አባባ፣ አይነሱ፣ እናመጣልዎታለን» ይላል። የተቀመጠ እግር ይዝላል፣ በዛለ እግር መውደቅ ይብሳል። የሚጨበጥ ነገር በእጁ ያገኘ ሰው ግን ደፍሮ ይነሳል።

ብረት ብቻውን አይበቃም። የበዓል ቄጠማ ከመተላለፊያው ይነሳ፤ ሴራሚክ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ነጠላ ጫማ ይቅር፣ ተረከዝ የሚይዝ ይሁን። ከዘራ በጤነኛው እጅ ይያዝ። የወደቀውን በደከመው ክንድ ጎትታችሁ አታንሱ፣ ትከሻው ይወልቃል።

ስሙ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገ ስልኩን በውስጥ መስመር እንልካለን። ስትጽፉልን የሽንት ቤቱን ፎቶ፣ ግድግዳው ብሎኬት ይሁን ጭቃ፣ የደከመው ጎን የትኛው እንደሆነ አብራችሁ ላኩ።