ሞርሰሪኖ-32 ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ብርቱ መምህር፣ ሰነፍ ጆሮ

ለአማተር ሬዲዮ (ለትርፍ ጊዜ የሬዲዮ ግንኙነት) ፈቃድ ሞርስ፣ ማለትም ፊደላትን በነጥብና በሰረዝ ድምፅ መላክና መቀበል፣ መፈተን አሜሪካ ውስጥ በ2007 ቀርቷል። ስለዚህ እዚህ ሜሪላንድ ፈቃዴን ሳወጣ ማንም አላስገደደኝም፤ በገዛ እጄ የገባሁበት ጣጣ ነው። የሰው ንግግር በጩኸት ተውጦ በሚቀርበት ሰዓት ሞርስ ያልፋል ሲሉኝ ጓጓሁና ይህን መለማመጃ ገዛሁ።

ሞርሰሪኖ-32 ኦስትሪያዊ አማተር የነደፈው ትንሽ መሣሪያ ነው። የሚገጣጠመውን ዓይነት ነበር ያዘዝኩት፤ ደቃቆቹ ክፍሎች ተበይደው ስለሚመጡ ሥራው ጀማሪን አያስፈራም። ባትሪው ለብቻው ይገዛል።

ትምህርቱ ጀርመናዊው ሉድቪግ ኮኽ በ1930ዎቹ የቀየሰው ነው። በሁለት ፊደላት ትጀምራላችሁ፤ ከመቶ ዘጠናውን በትክክል ስትለዩ ሌላ ይጨመራል። ፊደላቱ ከመጀመሪያው ቀን በሙሉ ፍጥነት ስለሚመጡ ነጥብና ሰረዝ ለመቁጠር ጊዜ የለም፤ የተፈለገውም ይኸው ነው። ኬና ኤም አላስቸገሩኝም። ኤስ፣ ኤችና ቁጥር 5 ግን እስካሁን ያምሱኛል። ኤስ ሦስት ነጥብ፣ ኤች አራት፣ 5 አምስት፤ ሌላ ልዩነት የላቸውም።

የገንዘቤን ዋጋ ያገኘሁት ከማስተጋባት ልምምዱ ነው። መሣሪያው አንድ ቃል ይመታል፣ እናንተ መትታችሁ ትመልሳላችሁ፤ ከሳታችሁ ያንኑ ይደግማል። አለንጋ ያልያዘ የኔታ በሉት። ቃሉን በስክሪኑ ላይ የማሳየት ምርጫም አለው፤ አጥፉት። ዓይን ካነበበ ጆሮ ይተኛል።

በምትመቱት ላይ ደግሞ ምሕረት የለውም። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች መጠሪያ በኢቲ ይጀምራል፤ የአዲስ አበባው ክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ነው። ኢ አንዲት ነጥብ፣ ቲ አንዲት ሰረዝ ናት፤ ከእነርሱ የሚያጥር ፊደል የለም። በመካከላቸው የሦስት ነጥብ ያህል ዝምታ ካልተጠበቀ ሁለቱ ተጣብቀው ኤ ይሆናሉ፣ መጠሪያው ውስጥ ደግሞ እውነተኛ ኤ ሁለት ጊዜ አለ። በችኮላ ስመታው ስክሪኑ ኤ3ኤኤ ብሎ ይጽፍብኛል። ያቺን ዝምታ መጠበቅ ከፊደላቱ ሁሉ በላይ አድክሞኛል።

አብረውት ያሉት፣ ነጥብና ሰረዝ የሚመታባቸው ሁለት የንክኪ ምላሶች አይንቀሳቀሱም፤ ጣት ሲነካቸው ብቻ ይሠራሉ። ለጉዞ ይመቻሉ፣ የእኔ እጅ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ካልተሰማው አያምንምና የብረት መምቻ ሰክቼበታለሁ። ሁለት ሞርሰሪኖዎች ያለ ሽቦ መነጋገርም ይችላሉ፤ በአካባቢዬ ሌላ ባለቤት ስለማላውቅ ይህን መሞከር አልቻልኩም።

አንድ ነገር ከወዲሁ እወቁ፦ የመሣሪያው ምት ወለም ዘለም አይልም፣ የሰው እጅ ግን ይላል። አየር ላይ ምልክቱ ይደክማል፣ ሌላ ጣቢያ ይደረብበታል፣ አንዳንዱ ሰው ሰረዙን ይጎትታል። ስለዚህ አሁን ምሽት ምሽት ቀስ ብለው የሚመቱ ሰዎች የሚገኙበትን 7.114 ሜጋኸርዝ እከፍታለሁ። መጠሪያውንና 599ን (ምልክትህ ጥርት ብሎ ይሰማኛል ማለት ነው) እይዛለሁ፤ የከተማው ስም ላይ ስደርስ ኪው አር ኤስ፣ ማለትም ቀስ ብለህ ምታ፣ ብዬ እጠይቃለሁ፣ እነርሱም ሳያጉረመርሙ ዝግ ይላሉ።