ባለ746 ኪኒኑ ሕክምና፦ የቢፓልም ግምገማ

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዘው ሰው ቢፓልም የተባለውን ሕክምና ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በየቀኑ ሰባት ኪኒን ይውጣል፤ እነዚህም አራት ባለ100 ሚሊግራም ቤዳኩዊሊን፣ አንድ ባለ200 ፕሪቶማኒድ፣ አንድ ባለ600 ሊኔዞሊድ እና አንድ ባለ400 ሞክሲፍሎክሳሲን ናቸው። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቤዳኩዊሊን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሁለት ሁለት ኪኒን ስለሚሆን፣ በቀሪዎቹ አራት ቀናት የሚዋጠው ሦስት ኪኒን ብቻ ይሆናል። 26ቱ ሳምንታት ሲጠናቀቁ ሁሉም ተደምሮ 746 ኪኒን ይመጣል። ቁጥሩን በወረቀት ላይ ደምሬ ያገኘሁት እኔው ነኝ፤ ኪኒን መቁጠር ለፋርማሲስት የዕለት ሥራ በመሆኑ ግምገማውንም ከዚያው ጀመርኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የአራት መድኃኒቶች ጥምረት ለሕክምና መመሪያው ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ስለ መድኃኒት የሚጻፍ ግምገማ አብዛኛውን ጊዜ ፈዋሽነቱንና የጎንዮሽ ጉዳቱን መዝኖ ያበቃል። እኔ ግን ቢፓልምን ከነደፉት ሰዎች ውሳኔ ለይቼ መመዘን አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በዚህ ሕክምና ላይ የማመሰግነውም የማማርረውም ነገር ምርምሩን የመሩት ባለሙያዎች በየምዕራፉ ምን እንደመረጡና ምን እንደተዉ በቀጥታ ይመሰክራል።

የቀድሞውን ሕክምና ያላየ ሰው የአሁኑን ዋጋ ሊረዳ አይችልም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከ18 እስከ 24 ወር ይታከም ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ለወራት በየቀኑ የካናማይሲን፣ የአሚካሲን ወይም የካፕሪዮማይሲን መርፌ ይወጋ ነበር። በሕክምናው ማብቂያ የሚቆጠረው ኪኒን እስከ 14 ሺህ ይደርስ ነበር። መርፌው የውስጥ ጆሮን ስለሚጎዳ ከቲቢው የዳነ ሕመምተኛ መስማት ተስኖት ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር፤ የተጎዳው የመስማት አቅም ደግሞ አይመለስም። ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚድነው ሰው ቁጥር የሚያረካ አልነበረም። ስለዚህ ለሕክምናው ማጠር ብቻ ሳይሆን ከመርፌ ነፃ ለመሆኑም ከፍተኛ ነጥብ እሰጣለሁ።

ፈዋሽነቱን በሚመለከት ዋናው ማስረጃ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የመራውና በኡዝቤኪስታን፣ በቤላሩስና በደቡብ አፍሪካ የተካሄደው ቲቢ-ፕራክቲካል የተባለ ሙከራ ነው። የመጀመሪያው ውጤት ይፋ ሲሆን ቢፓልም ከወሰዱት 89 በመቶ፣ በዘመኑ የነበረውን መደበኛ ሕክምና ከወሰዱት ደግሞ 52 በመቶ ብቻ መልካም ውጤት አግኝተዋል። በሙከራው የተሳተፉት 552 ሰዎች ነበሩ። ሙከራውን የሚከታተለው ገለልተኛ ቡድን ልዩነቱ ከበቂ በላይ ግልጽ መሆኑን ሲያይ ተጨማሪ ሕሙማን መመዝገብ እንዲቆም መከረ፤ መሪዎቹም በ2021 ምዝገባውን ዘጉ። አንድ የእርዳታ ድርጅት፣ ያውም የመድኃኒት ኩባንያ ያልሆነ፣ እንዲህ ያለ ሙከራ ለመምራት መነሳቱ በራሱ የዘርፉን ጉድለት ያሳያል፤ ሊሠሩት የሚገባቸው ሲዘገዩ የሕሙማኑ ሐኪሞች ሥራውን ተረከቡት።

ይህን ጉድለት ለማየት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከቲቢ መድኃኒቶች ስትሬፕቶማይሲን በ1943፣ አይሶኒያዚድ በ1952 ከመጡ በኋላ ሪፋምፒሲን በ1960ዎቹ ተከተለ፤ በ1970ዎቹ የብሪታኒያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ባለሙያዎች ከምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ሐኪሞች ጋር ሆነው የስድስት ወሩን መደበኛ ሕክምና አስመሰከሩ። ከዚያ በኋላ ለአራት አሥርት ዓመታት አንድም አዲስ ዓይነት የቲቢ መድኃኒት ለገበያ አልበቃም። ሕሙማኑ በአብዛኛው ድሆች ስለሆኑ ትርፍ የለውም የሚለው ስሌት ምርምሩን አደረቀው። በ2000 በኬፕታውን በተደረገ ስብሰባ ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ተቋም እንዲመሠረት ተወሰነ፤ ቲቢ አሊያንስ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው።

ቤዳኩዊሊን ግን የመጣው ከሌላ በር ነው። በቤልጂየም፣ በጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ቤተ ሙከራ፣ ኩን አንድሪስ የመሩት ቡድን ውሑዶችን የፈተሸው በአንድ በተነጠለ ፕሮቲን ላይ ሳይሆን በሕይወት ባለ ባክቴሪያ ላይ ነበር፤ ለዚህም የቲቢ ባክቴሪያ ዘመድ የሆነውን፣ ፈጥኖ የሚራባውንና ለሠራተኛው ብዙም አደገኛ ያልሆነውን ማይኮባክቴሪየም ስሜግማቲስን መረጡ። ውሳኔው ከዘመኑ ፋሽን ጋር የሚቃረን ነበር። በ1990ዎቹ የብዙ ኩባንያዎች መሪዎች መጀመሪያ ዒላማ የሚሆን ፕሮቲን ይመርጡ፣ ቀጥሎ እሱን የሚያግድ ውሑድ ይፈልጉ ነበር። ግላክሶስሚዝክላይን ከ1995 እስከ 2001 በዚህ መንገድ 70 ያህል የጸረ ባክቴሪያ ፍተሻዎችን አካሂዶ ተስፋ የሚጣልባቸው አምስት ጅምሮችን ብቻ አገኘ። ፕሮቲኑን የሚያሸንፍ ውሑድ ሁሉ የባክቴሪያውን ግድግዳ አልፎ አይገባምና። የአንድሪስ ቡድን ግን የሚገድለውን አስቀድሞ ለየ፤ እንዴት እንደሚገድል የመረመረው ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያው ኃይል የሚያመርትበትን ኤቲፒ ሲንቴዝ የተባለ ኤንዛይም እንደሚያስቆም በ2005 ታትሞ ወጣ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ካየኋቸው የአመራር ውሳኔዎች ሁሉ የማደንቀው ይኸኛውን ነው።

የቲቢ አሊያንስ ትልቁ አስተዋጽኦ በበኩሉ ሌላ ዓይነት ነው። በ2002 ፒኤ-824 የሚባል፣ ባለቤቱ ኩባንያ ወደ ጎን የተወውን ውሑድ በፈቃድ ተረከበ፤ ይህ ውሑድ የዛሬው ፕሪቶማኒድ ነው። ድርጅቱን ለረጅም ዓመታት የመሩት ሐኪሙ ሜል ስፒገልማን ሲከራከሩበት የኖሩት ሐሳብ፣ ቲቢ በአንድ መድኃኒት ስለማይታከም ምርምሩም አንድን መድኃኒት ሳይሆን ሙሉውን ጥምረት ማነጣጠር አለበት የሚል ነበር። በተለመደው መንገድ እያንዳንዱ አዲስ መድኃኒት በነባሩ ሕክምና ላይ እየተጨመረ ለየብቻው ቢፈተን አዲስ ጥምረት ለመገንባት አሥርት ዓመታት ይፈጅ ነበር። መንገዱ ሁሉ አልተሳካላቸውም፤ ሕክምናውን በሞክሲፍሎክሳሲን ወደ አራት ወር ለማሳጠር ያደረጉት ሰፊ ሙከራ በ2014 ሳይሳካ መቅረቱ ታትሟል። ያልተሳካውን በግልጽ አሳትሞ ወደሚቀጥለው መሻገርን እንደ ድክመት አልቆጥረውም።

ቀጥሎ የመጣው ኒክስ-ቲቢ የተባለው ሙከራ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በሐኪም ፍራንቼስካ ኮንራዲ መሪነት፣ ከ2015 ጀምሮ ሌላ አማራጭ ያጡ 109 ሕሙማን ቤዳኩዊሊንን፣ ፕሪቶማኒድንና ሊኔዞሊድን ወሰዱ። ከእነዚህ መካከል 90 በመቶ የሚሆኑት ሕክምናው ካበቃ ከስድስት ወር በኋላም በመልካም ሁኔታ ላይ ነበሩ፤ ቀደም ሲል በዚያው አገር እጅግ የተላመደ ቲቢ ከያዛቸው አምስት ሰዎች መካከል የሚድነው አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ሙከራው ማወዳደሪያ ቡድን ስላልነበረው ተተችቷል፤ ትችቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ሊሞት የተቃረበን ሰው በዕጣ ወደ ማይሠራ ሕክምና መመደብ ምን ያህል ያስኬዳል የሚለውም ጥያቄ ክብደት አለው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፕሪቶማኒድን በኦገስት 2019 የፈቀደው በዚሁ ማስረጃ ሲሆን፣ ፈቃዱንም ለተወሰኑ ሕሙማን ብቻ አድርጎታል።

የኒክስ-ቲቢ ዕዳ ሊኔዞሊድ ነበር። በቀን 1200 ሚሊግራም ሲሰጥ ከሕሙማኑ 81 በመቶው የእጅና የእግር ነርቭ ጉዳት፣ 48 በመቶው ደግሞ የመቅኔ መዳከም ታይቶባቸዋል። እግሩ እንደ እሳት እያቃጠለው ሌሊቱን የሚያነጋ ሰው ከቲቢ ዳንክ ቢባል ደስታው ጎዶሎ ነው። መሪዎቹ በ90 በመቶው ተደስተው አልተቀመጡም፤ ዜኒክስ በተባለ ተከታይ ሙከራ በ181 ሰዎች ላይ አራት የመጠንና የጊዜ አማራጮችን አወዳደሩ። 600 ሚሊግራም ለ26 ሳምንት የወሰዱት 91 በመቶ መልካም ውጤት ሲያገኙ የነርቭ ጉዳቱ ወደ 24 በመቶ፣ የመቅኔው ችግር ወደ 2 በመቶ ወረደ። ዛሬ በቢፓልም ውስጥ ያለችው አንዷ ባለ600 ኪኒን የዚህ ሙከራ ፍሬ ናት።

በአጠቃቀም በኩል ጥቂት ማስታወሻዎች አሉኝ። ቤዳኩዊሊንና ፕሪቶማኒድ ከምግብ ጋር መወሰድ አለባቸው፤ በባዶ ሆድ ከተዋጡ ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም ይቀንሳል። በእኛ አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን የሚጾም ሰው የመድኃኒቱን ሰዓት ከማዕዱ ሰዓት ጋር እንዲያስማማ ከመጀመሪያው ቀን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይኖርበታል። ሊኔዞሊድ የሚወስድ ሰው በመፍላት ከተዘጋጁ መጠጦች መራቅ ስላለበት ጠላና ጠጅ ለስድስት ወር ይቆያሉ። ቤዳኩዊሊንና ሞክሲፍሎክሳሲን የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሊያዛቡ ስለሚችሉ የልብ ምት ምርመራ (ኢሲጂ) ክትትል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሕክምናው አጭር ነው ማለት ኪኒኑን ሰጥቶ ማሰናበት ይቻላል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ወቀሳው ልለፍ። ቤዳኩዊሊን በዲሴምበር 2012 በተፋጠነ መንገድ የተፈቀደው ባክቴሪያውን ከአክታ ፈጥኖ እንደሚያጠፋ ባሳየ የሁለተኛ ደረጃ ሙከራ ነበር፤ በዚያው ሙከራ መድኃኒቱን በወሰዱት ወገን የሞት ቁጥር ከፍ ብሎ መታየቱ ሐኪሞችን ለዓመታት አሸማቀቀ። ጥርጣሬውን የሚፈታው የሦስተኛ ደረጃ ሙከራ፣ ማለትም የስትሪም ሁለተኛ ምዕራፍ፣ የታተመው በ2022 ነው። ይህ ሙከራ ለእኛ ሩቅ አልነበረም፤ ከተካሄደባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስትሆን የአዲስ አበባው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተሳትፈውበታል። መርፌ የሌለበት፣ ቤዳኩዊሊን ያለበት የዘጠኝ ወር ሕክምና 83 በመቶ፣ መርፌ ያለበት ደግሞ 71 በመቶ መልካም ውጤት አስገኘ። ከፈቃዱ እስከዚህ መልስ አሥር ዓመት መፍጀቱን ግን በቀላሉ ልቀበለው አልችልም፤ በእነዚያ ዓመታት መርፌው መወጋቱን፣ ጆሮም መደንቆሩን አላቆመም ነበርና። በወቅቱ የደቡብ አፍሪካ የመድኃኒት የተላመደ ቲቢ መርሐ ግብር መሪ የነበሩት ሐኪም ኖርበርት ንድጄካ ያሰባሰቡት የአገሪቱ የሕክምና መረጃ ቤዳኩዊሊን የሚወስዱ ሕሙማን ሞት ዝቅ ያለ መሆኑን ሲያሳይ፣ አገሪቱ ሌሎቹን ሳትጠብቅ በ2018 መርፌውን በኪኒኑ ተካች። ሁሉም እንዲህ ቢደፍር ኖሮ እላለሁ።

ዋጋው ሌላ ወቀሳ ነው። የቤዳኩዊሊን የስድስት ወር መጠን በ2018 ለድሃ አገሮች 400 ዶላር ነበር። በማርች 2023 የሕንድ የፓተንት ጽሕፈት ቤት የጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን ተጨማሪ የፓተንት (ብቸኛ የማምረት መብት) ጥያቄ ውድቅ አደረገ፤ ተቃውሞውን ያቀረቡት ከበሽታው የዳኑት ናንዲታ ቬንካቴሳንና ፉሜዛ ቲሲሌ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በቀድሞው ሕክምና ሳቢያ የመስማት ችሎታቸውን ያጡ ሴቶች ናቸው። በዚያው ዓመት ዋጋው ወደ 130 ዶላር ወረደ። የዋጋው ቅናሽ የኩባንያውን መሪዎች ቸርነት ብቻ አያሳይም፤ ተገፍተው የደረሱበት መሆኑንም ያሳያል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የተላማጅነት ጉዳይ ነው። ቤዳኩዊሊን በሰውነት ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ፣ ሕክምናውን መሐል ላይ ያቋረጠ ሰው ሌሎቹ መድኃኒቶች ከደሙ ከወጡ በኋላ ለረጅም ጊዜ በቤዳኩዊሊን ብቻ ይቀራል፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲላመድ ከዚህ የተመቸ ሁኔታ የለም። ተላማጅነቱን የሚያሳዩ የጂን ለውጦች በበርካታ አገሮች ተገኝተዋል። በየጤና ተቋሙ ያለው ጂንኤክስፐርት የተባለ የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ ሪፋምፒሲን መላመዱን በሁለት ሰዓት ውስጥ ይነግረናል፤ ቤዳኩዊሊን መላመዱን ግን አይነግረንም። ለዚያ አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ቤተ ሙከራና የሳምንታት ጊዜ ያስፈልጋል። መድኃኒቱን ያገኙት፣ ያዋሐዱትና መጠኑን ያስተካከሉት ሰዎች ከጎኑ የሚሄደውን ፈጣን ምርመራ እንደ ሥራቸው አካል አለመቁጠራቸው የጥምረቱን ሐሳብ ግማሽ መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ለቢፓልም ብቁ አለመሆናቸውም ከዚሁ ጋር መነሳት ያለበት ጉድለት ነው።

ከአምስት ነጥብ አራት እሰጠዋለሁ፤ የቀነስኩት አንዱ ነጥብ በአብዛኛው የምርመራው ነው። ቲቢ አሊያንስ አሁን በሰው ላይ እየሞከረ ያለውን ቲቢኤጄ-876 የተባለ የቤዳኩዊሊን ተከታይ ውጤት በሚመጡት ዓመታት ስመለከት፣ ከፈውሱ መቶኛ አስቀድሜ የምፈልገው በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠራ የተላማጅነት ምርመራ አብሮት መምጣት አለመምጣቱን ነው።